የኢንተርኔት ጨዋታ ሲያበቃ ሂሳቡን የሚዘጋው ማን ነው?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት ሠፈሮች እቁብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ነጋዴ ወይም ሸማኔ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እቁብተኛ የመጀመሪያውን ብር ከመጣሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። አባላቱ ስንት ናቸው? በየስንት ጊዜው ይጣላል? መቼስ ያልቃል? ሦስቱም ካልተመለሱለት ኪሱን አይከፍትም።

በእነዚሁ ሠፈሮች የሚኖሩ ወጣቶች ግን በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ለሚጫወቷቸው የኢንተርኔት ጨዋታዎች ገንዘብ ሲከፍሉ ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያነሱት ከስንት አንዴ ነው። ጨዋታው መቼ ያልቃል? ሲያልቅስ የተገዛው ወርቅ፣ የተገነባው መንደር፣ የሠለጠነው ጦር ምን ይሆናል? ጥያቄው የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና በየወሩ ገንዘብ የሚወጣበት፣ ዓመታት የሚፈጅና በመጨረሻው ቀን ዋጋው ዜሮ የሚሆን ዕቃ የሚሸጥበት ማናቸውም ነገር የገበያ ጉዳይ ነው። በዛሬው ዓምዳችን እንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ እንዴት እንደሚያበቃ፣ መጨረሻውስ እንዴት እንደሚታቀድ እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ ሀገር ክስተቶች ዘመን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

የምንናገረው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው ወይም አንድ የመንደር ገዥ ሆኖ ይገባል፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ጦር ያሠለጥናል፣ ከሌሎች ጋር ኅብረት ይመሠርታል። ተጫዋቹ ስልኩን ዘግቶ ቢተኛም ዓለሙ አይተኛም፤ እህሉ ይመረታል፣ ጠላትም ይዘምታል።

ይህ ዓለም የሚኖረው ሰርቨር በሚባለውና ኩባንያው በሚያስተዳድረው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ካርታ ወይም ኳስ የገዛ ሰው ዕቃውን ቤቱ ወስዶ እስኪያረጅ ይጫወትበታል። የኢንተርኔት ጨዋታ ግን ከባለቤቱ ሰርቨር ውጭ ሕይወት የለውም። ሰርቨሩ ከተዘጋ ተጫዋቹ ስልክ ላይ የሚቀረው የማይከፈት ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህም የአብዛኞቹ ጨዋታዎች የአገልግሎት ውል ተጫዋቹ የዕቃ ባለቤት ሳይሆን ለጊዜው እንዲጠቀም የተፈቀደለት ሰው መሆኑን ይገልጻል።

አጨራረሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመነሻው በጨዋታው ሕግ ውስጥ የተጻፈ ማብቂያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኩባንያው ገቢና ወጪውን አስልቶ የሚወስነው መዘጋት ነው። የሁለቱ ልዩነት ለኪስም ለልብም ትልቅ ነው።

መጨረሻው ከመጀመሪያው የታወቀ ጨዋታ

የመጀመሪያው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ በ2004 በጀርመን ሀገር የተጀመረው ትራቪያን ነው። ተጫዋቹ አንድ ትንሽ መንደር ይሰጠዋል፤ እንጨት፣ ሸክላ፣ ብረትና እህል እያመረተ መንደሩን ያሳድጋል። ሮማውያን፣ ጎሎችና ቴውቶኖች የሚባሉ ነገዶች ቀድሞ የነበሩ ሲሆን በኋላ ሌሎችም ተጨምረዋል። የአንድ ዓለም ዕድሜ እንደ ፍጥነቱ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ አሸናፊው ይታወቃል፣ ዓለሙ ይዘጋል፣ ሌላ ዙር ከባዶ ይጀመራል።

የማብቂያው ደንብ ይህን ይመስላል። ዙሩ ወደ መገባደጃው ሲቃረብ ናታር በሚባሉ በኮምፒዩተሩ በሚመሩ ባላንጣዎች እጅ ያሉ ልዩ መንደሮች አሉ። በእነዚህ መንደሮች ብቻ የዓለም ድንቅ የሚባለውን ሕንፃ መሥራት ይቻላል። ሕንፃው 100 ደረጃ አለው። ለመገንባት ፕላን ያስፈልጋል፤ ከ50ኛው ደረጃ በላይ ለመውጣት ደግሞ በዚያው ኅብረት ውስጥ በሌላ አባል እጅ ያለ ሁለተኛ ፕላን ግድ ይላል። 100ኛውን ደረጃ ቀድሞ የጨረሰ ኅብረት ያሸንፋል፤ የሁሉም ጨዋታ በዚያው ያበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ሕጉ ሁለተኛ ፕላን በሌላ ሰው እጅ እንዲሆን ማድረጉ አንድ ኃይለኛ ተጫዋች ብቻውን እንዳያሸንፍ ነው። ወራቱን ሙሉ ጎረቤቱን ሲዘርፍ የኖረ ሰው በመጨረሻው ጊዜ የጎረቤቱን እህል መለመኑ አይቀርም። በመሆኑም የመጨረሻው ፍልሚያ ውጤት የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ፍልሚያው ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሌሎችም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። በ2003 የተጀመረው ሌላው የጀርመን ጨዋታ፣ የነገዶች ጦርነት የሚባለው፣ በአንዳንድ ዓለሞቹ አንድ ነገድ ከመንደሮቹ የተወሰነውን መቶኛ ሲይዝ ጨዋታው እንዲያበቃ ያደርጋል። ዋናው ነገር ተጫዋቹ ሲገባ የመውጫውን በር ማየቱ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድሩን ሲያዘጋጅ የጋቢውን ቁመት አስቀድሞ ይለካል፤ መሀል ላይ ደርሶ ክር አለቀ አይልም።

የመጨረሻው ዙር እቅድ እንዴት ይወጣል?

አንድ ኅብረት ወደ ድንቁ ሕንፃ ለመሄድ ሲወስን የሚያወጣው እቅድ ከአንድ መለስተኛ ንግድ ቤት የሥራ እቅድ ብዙም አይለይም። አራት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛው የእህል ሂሳብ ነው። በትራቪያን ወታደር እህል ይበላል፤ አብዛኛው እግረኛ በሰዓት 1 እህል ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል 20 አባላት እያንዳንዳቸው 2,000 እግረኛ ሕንፃውን እንዲጠብቅ ቢልኩ 40,000 ወታደር በአንድ መንደር ይሰፍራል። ይህ ጦር በቀን 960,000 እህል ይጨርሳል ማለት ነው። ከኅብረቱ በሰዓት የሚገባው 20,000 ብቻ ከሆነ ጉድለቱ በየሰዓቱ 20,000 ነው። ጎተራው ውስጥ 400,000 እህል ቢኖር የሚያቆየው 20 ሰዓት ብቻ ነው። ጎተራው ባዶ ሲሆን ጦሩ በጠላት ሰይፍ ሳይሆን በረሀብ ያልቃል። ጀማሪ ኅብረቶች የሚወድቁት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ወታደር ይቆጥራሉ፣ ቀለቡን አይቆጥሩም።

ሁለተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። እቁብ ዳኛና ጸሐፊ እንዳለው ሁሉ ኅብረትም ሹሞች ያስፈልጉታል። አንዱ የእህሉን መዝገብ ይይዛል፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደሚልክ ይመድባል። ሌላው የመከላከያውን ጦር ይመራል። ሦስተኛው ጠላት የሚሠራውን ሕንፃ ለማፍረስ ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያዎችን ያዘምታል። አራተኛው ከሌሎች ኅብረቶች ጋር ይደራደራል። አምስተኛው ደግሞ ሥራው ምንም አይመስልም፤ የደከሙትን እየጠራ ያነቃቃል። ወራት በፈጀ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ግን ተጫዋች መሰልቸቱ የታወቀ ስለሆነ የዚህ ሰው ሥራ ከጦር አዛዡ አያንስም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ዘመቻ የሚሰላው በሰኮንድ ነው። በተለያየ ርቀት ያሉ ሁለት ጦሮች ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እኩል እንዲደርሱ ከተፈለገ፣ 6 ሰዓት የሚጓዘው ጦር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ 4 ሰዓት የሚጓዘው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች እዚህ ላይ ተጨማሪ ችግር አለ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሰርቨሩ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። ከዚህም በተጨማሪ አውሮፓውያን በመጋቢት መጨረሻና በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም። ሰርቨሩ የመካከለኛውን አውሮፓ ሰዓት የሚከተል ከሆነ እዚያ 20:00 ሲል በእነሱ ብርድ ወራት ለእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በሙቀታቸው ወራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ያላሰበ ሰው የወራት ልፋቱን በአንድ ሰዓት ስህተት ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የኅብረቱ ሰዓት ሁሉ በሰርቨሩ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ ይሰራጭ፤ እያንዳንዱ አባል ለራሱ ይመልሰው።

አራተኛው መጠባበቂያ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ከዚህ የባሰም ደርሶ ያውቃል። ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ዘግይቷል። እንዲህ ያለው ነገር ከሰው ሕይወትና ከሀገር ሰላም አንፃር ሲታይ ጨዋታ ከቁጥር አይገባም። እቅድ አውጪ ግን ሊያስበው ይገባል። ብዙዎቹ ጨዋታዎች ተጫዋቹ በማይኖርበት ጊዜ መንደሩን የሚጠብቅለት ተወካይ እንዲሾም ይፈቅዳሉ። ከተወካዮቹ አንዱ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ ሀገር የሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ ቢሆን ብልህነት ነው። ፕላኖቹንም በአንድ ሠፈር በሚኖሩ ሁለት ልጆች እጅ አለማስቀመጥ ይመረጣል፤ መብራቱ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋልና።

ኩባንያው ሲዘጋስ?

ሁለተኛው ዓይነት አጨራረስ አሸናፊ የለውም። ኩባንያው ሂሳቡን ያያል። ሰርቨር፣ የሰው ደመወዝና አንዳንዴም የስም መጠቀሚያ ፈቃድ ወጪ አላቸው። ተጫዋች ሲቀንስ ገቢው ይወርዳል፤ ወጪው ግን በዚያው ልክ አይወርድም። አንዳንዴም የተሠራበት ቴክኖሎጂ ያረጃል። ያኔ መዝጊያው ይታወጃል። የደረሱትን ጥቂት ምሳሌዎች ብናይ ጥሩው አዘጋግ ከመጥፎው የሚለይበት ነጥብ ግልጽ ይሆናል።

በ2003 የተከፈተው የስታር ዋርስ ጋላክሲስ መዘጋት በሰኔ 2011 ተነግሮ ታህሣሥ 15 ቀን 2011 ተዘጋ። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት የቀሩት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል ማለት ነው። በዚያው ወር በዚሁ ፊልም ስም የተሠራ ሌላ የኢንተርኔት ጨዋታ ገበያ ላይ ዋለ።

በሚያዝያ 2004 የተከፈተው ሲቲ ኦቭ ሂሮስ ደግሞ የመዘጋቱ ወሬ ነሐሴ 31 ቀን 2012 ተሰምቶ ኅዳር 30 ቀን 2012 አበቃ። ተጫዋቾቹ በጨዋታው ውስጥ በአንድ አደባባይ ተሰብስበው ችቦ ይዘው ተቃውሟቸውን ገለጹ። ውሳኔው አልተቀየረም። ሆኖም ጨዋታውን በራሳቸው ሰርቨር ይዘው ያቆዩት አፍቃሪዎቹ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2024፣ ከባለመብቱ ኩባንያ ሕጋዊ ፈቃድ አግኝተዋል።

በ2005 የተጀመረው ክለብ ፔንግዊን የተሰኘው የሕፃናት ጨዋታ በ2007 በዲስኒ ተገዝቶ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 2017 ሲዘጋ የተደረገው ነገር ለአጨራረስ እቅድ ትምህርት ይሆናል። በጨዋታው ውስጥ አንድ የበረዶ ቋጥኝ ነበር፤ ልጆች በብዛት ቆመው ቢጨፍሩበት ይገለበጣል የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ኖሯል። አይገለበጥም ነበር። ኩባንያው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቋጥኙ እንዲገለበጥ አደረገ። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት ልጆች ግን አዩት።

የፋይናል ፋንታሲ 14 ታሪክ ደግሞ መዘጋትን ለገበያ የመጠቀም ምሳሌ ነው። በመስከረም 2010 የወጣው ይህ የጃፓን ጨዋታ ገዢውን አላስደሰተም። ኩባንያው አዲስ ኃላፊ ናኦኪ ዮሺዳን ሾመ። እሳቸውም ጨዋታውን ከመጠገን ይልቅ ዘግተው እንደገና ለመሥራት ወሰኑ። መዝጊያውን ግን የታሪኩ ክፍል አደረጉት። በጨዋታው ሰማይ ላይ አንዲት ጨረቃ ከወር ወደ ወር እየቀረበች፣ እየገዘፈች ታየች። ኅዳር 11 ቀን 2012 ሰርቨሩ ሲዘጋ ዓለሙ በዚያች ጨረቃ ምክንያት ጠፋ፤ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ጨዋታው በአዲስ መልክ ተከፈተ። በአሮጌው ጊዜ በታማኝነት ሲከፍሉ ለቆዩት ደንበኞች የወር ክፍያቸው በዝቅተኛ ተመን እንዲቀጥል ተደረገ፤ ስማቸውም በጨዋታው ላይ ሰፈረ። የከሰረ ዕቃ ደንበኛ ማቆያ ሆነ።

የገንዘቡ ጉዳይ

የጨዋታ ውስጥ ዕቃ ዋጋ ከሌላ ዕቃ ዋጋ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ሱቅ ሲዘጋ የቀረው ዕቃ በቅናሽ ይሸጣል፤ ጋቢ ቢያረጅም ይለበሳል። የጨዋታ ወርቅ ግን ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ ለማንም፣ በምንም ዋጋ አይሆንም። ስለዚህ ኩባንያው መዝጊያውን ከወሰነበት ቀን እስከሚያስታውቅበት ቀን ድረስ የሚሸጠው ወርቅ አጠያያቂ ገንዘብ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም።

ይህን በአግባቡ የያዙ አሉ። በ2009 የተጀመረውና በፌስቡክ ላይ ሲታወቅ የኖረው ፋርምቪል፣ ይሠራበት የነበረው ፍላሽ የተሰኘ ቴክኖሎጂ በ2020 መጨረሻ ስለሚቋረጥ ታህሣሥ 31 ቀን 2020 ተዘጋ። ኩባንያው ከኅዳር 17 ጀምሮ ሽያጭ አቆመ፤ የቀረውንም ጊዜ ተጫዋቾች በእጃቸው ያለውን እንዲጠቀሙበት ነገራቸው። ግሊች የተባለው ጨዋታ ታህሣሥ 9 ቀን 2012 ሲዘጋ ደግሞ ኩባንያው የተጫዋቾቹን ገንዘብ ለመመለስ ወሰነ። ጨዋታው ከሰረ፤ ኩባንያው ግን ለራሱ ሠራተኞች መገናኛ የሠራውን መሣሪያ ስላክ ብሎ ለገበያ አቀረበና በ2021 በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገንዘብ የመለሰ ኩባንያ በዚያ ምክንያት አልደኸየም።

ለእኛ ሀገር ተጫዋች ይህ ጉዳይ የበለጠ ክብደት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ቀድሞ ከ300 ብር በታች ይገዛ የነበረ የ5 ዶላር የጨዋታ ወርቅ ከ500 ብር በላይ አወጣ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል 10 ልጆች ያሉበት ኅብረት እያንዳንዱ በወር 500 ብር ቢያወጣ በ10 ወር 50,000 ብር ይሆናል። በእቁብ ቢጣል አንድ መለስተኛ ሥራ ማስጀመር የሚችል ገንዘብ ነው። ጨዋታ ክልክል ነው ለማለት አይደለም፤ ሰው ለሚያስደስተው ነገር ይከፍላል። የሚከፍለው ለምን ያህል ጊዜ ደስታ እንደሆነ ግን ማወቅ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

በዚህ ጉዳይ ሕግ ገና እየተከተለ ነው። ዘ ክሩ የተሰኘው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ መጋቢት 31 ቀን 2024 በተዘጋ ጊዜ ከፍለው የገዙ ሰዎች ከነጭራሹ መጫወት አልቻሉም። ጨዋታዎች በመዘጋት እንዳይጠፉ የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ተነሣ፤ በአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዜጎች ጥያቄም በሐምሌ 2025 ከሚያስፈልገው 1 ሚሊዮን ፊርማ አለፈ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ ሻጩ የሚሸጠው የመጠቀሚያ ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህን በግልጽ ሳይናገር «ይግዙ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል።

በሀገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይሁንና ሻጩ ባሕር ማዶ ተቀምጦ በኢንተርኔት ሲሸጥ መብቱን ማስከበር አስቸጋሪ መሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ዋናው ጠባቂ የገዢው ጥንቃቄ ነው።

ከመክፈል በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው

ለተጫዋቾችና ለወላጆች የሚከተለውን መጠቆም ይቻላል። አንደኛ፣ ጨዋታው በሕጉ የተወሰነ ማብቂያ አለው ወይስ እስኪዘጋ የሚቀጥል ነው? ሁለተኛ፣ ዙሩ ሲያልቅ በገንዘብ የተገዛና ያልተሠራበት ወርቅ ወደ ሚቀጥለው ዙር ይሻገራል? ሦስተኛ፣ ውሉ ስለመዘጋት ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር ይላል? አራተኛ፣ ስለ ገንዘብ መመለስስ? መልሱ «የለም» ከሆነ ከአንድ ወር ደስታ በላይ አስቀድሞ አለመክፈል ይሻላል። ጨዋታው እየቀዘቀዘ፣ ተጫዋቹ እየቀነሰ፣ አዲስ ነገር መጨመሩ እየቆመ ቅናሽ ሽያጭ ከበዛ ደግሞ ኪስን ማጥበቅ ያስፈልጋል።

አካውንት ከሌላ ሰው በደላላ መግዛትም አደጋ አለው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ይህን በውላቸው ስለሚከለክሉ አካውንቱ ቢዘጋ ገዢው አቤት የሚልበት የለም።

የኮምፒዩተርና የጨዋታ ቤት ባለቤቶችም የሚመለከታቸው ነገር አለ። እንደ ትራቪያን ባሉ ጨዋታዎች አንድ ሰው በአንድ ዓለም ከአንድ አካውንት በላይ መያዝ ክልክል ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ብዙ ልጆች ሲጫወቱ ኩባንያው አንድ ሰው ብዙ አካውንት የያዘ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በየራሱ ስምና የይለፍ ቃል እንዲገባ፣ አንዱ ለሌላው እንዳይከፍት ማድረግ ያስፈልጋል። በመጨረሻው ፍልሚያ ዋዜማ አካውንት ቢታገድ የሚጎዳው አንድ ልጅ ሳይሆን ኅብረቱ በሙሉ ነው።

በሌላ በኩል በሀገራችን ጨዋታ መሥራት የጀመሩ ወጣቶች አሉ፤ ኩኩሉን ለእጅ ስልክ የሠራው ቅኔ ጌምስ ይጠቀሳል። ነገ ከእነዚህ አንዱ ብዙ ሰው በአንድነት የሚጫወትበት ዓለም ቢከፍት የመዝጊያውን እቅድ ከመክፈቻው ጋር አብሮ ቢያዘጋጅ ይበጀዋል። እቅዱ ረጅም መሆን የለበትም። ቀኑ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይነገር፤ በተነገረበት ቀን ሽያጭ ይቁም፤ በቅርቡ የተከፈለ ገንዘብ ይመለስ፤ ተጫዋቹ ስሙንና ያደረገውን የሚያይበት መዝገብ ይቅርለት። በመጨረሻም ሁሉም የሚገኝበት አንድ የስንብት ዝግጅት ይሁን፤ ቢቻል በሀገር ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሠራተኛውም ተማሪውም ቤቱ በሚገባበት ጊዜ።

ኅብረቶችም ሰርቨሩ ከመዘጋቱ በፊት አባላቱ የሚገናኙበትን ሌላ መንገድ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ለወራት አብረው እህል ሲያዋጡ የኖሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁት በጨዋታ ስማቸው ብቻ ስለሆነ ሰርቨሩ በተዘጋ ማግስት የሚፈላለጉበት አድራሻ የላቸውም። ወርቁና መንደሩ መቅረታቸው ላይቀር ይችላል፤ ሰዓት አክብሮ፣ መዝገብ ይዞ፣ ድርሻውን ሳያጓድል የሚሠራ ባልንጀራ ግን በሌላ ዙርም ሆነ በሌላ ሥራ የሚፈለግ ነው። የዚያ ባልንጀራ ስልክ ቁጥር ከመዝጊያው ቀን በፊት ይያዝ።